ከባሕር ዳር ስትበሩ በየት በኩል ትቀመጡ? የመስኮት ካርታ ሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፦ ክርና ስፒል

ሥራው ይሄ ነው። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው በግራ ቢቀመጥ ምን ያያል? በቀኝስ? ይህን በአንድ ገጽ የሚያሳይ ካርታ መሥራት። የአክስቴ ልጅ ትኬት ቢሮ አላት። "መስኮት ጋ ይሁንልኝ" የሚላት ሰው ብዙ ነው። "በየት በኩል?" ስትል ግን መልስ የለም። እሷም የምትመክረው የላትም። ግድግዳዬ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሥራልኝ አለችኝ።

በደስታ ነው የተቀበልኩት። ዓባይ ጎጃምን ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ከቦ ሲዞር መሬት ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም። ከላይ ግን ይታያል። ያን ዕድል አግኝቶ የክንፍ ብረት ሲያይ ሄዶ የሚመጣ ሰው ያሳዝነኛል።

ከጎግል ኧርዝ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለውን ቆርጬ በኤ3 ወረቀት በከለር አሳተምኩ። 80 ብር። ወፍራም ካርቶን 50 ብር። ክርና ስፒል ቤት ነበር። ስኬሉን 1 ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አስተካከልኩት። በዚህ ልክ ከሆነ ያለ ካልኩሌተር በማስመሪያ ብቻ መሥራት ይቻላል።

ቦሌ ላይ አንድ ስፒል፣ ባሕር ዳር ኤርፖርት ላይ አንድ ስፒል፣ መሐል ላይ ክር። 33 ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ 330 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሳ አቅጣጫው 330 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰሜን ሆኖ ወደ ምዕራብ ያጋደለ። ረጅም በረራ ላይ ክር አያስኬድም። መሬት ክብ ስለሆነች የአውሮፕላን መንገድ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይጎብጣል። ለዚህች አጭር መንገድ ግን ልዩነቱ ከክሩ ውፍረት ብዙም አይበልጥም።

ክሩ ያሳየኝን ግን አልጠበቅሁትም። ጮቄ ተራራ ላይ ያልፋል። አጠገቡ አይደለም፣ አናቱ ላይ። ወደ ደቡብ ስወርድ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ ድልድይም ክሩ ሥር ነው። አዴትም እንዲሁ። የመንገዱ ትልልቅ ነገሮች በግራም በቀኝም ሳይሆኑ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሆኑ።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ሆዱ ሥር ምን ያህል ይደበቃል?

ከሆዱ ሥር ያለ ነገር ከየትኛውም መስኮት አይታይም። ጥያቄው የሚደበቀው ስፋቱ ስንት ነው የሚለው ነው። ይህን ሳላውቅ ግራና ቀኝ ብዬ መጻፍ አልፈለግሁም።

መለኪያ ሠራሁ። የተማሪ ፕሮትራክተር፣ ክር፣ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ዳዶ። ፕሮትራክተሩን ገልብጣችሁ ቀጥታ ጠርዙን ወደምታዩት ነገር ታነጣጥራላችሁ። ክሩ የሚያርፍበት ቁጥር ማዕዘኑን ይነግራችኋል። አዲስ አበባ ጉዳይ ስለነበረኝ ይዤው ተሳፈርኩ። ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ዝቅ አድርጌ የማየው የመጨረሻ ቦታ ከአግድም 50 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ነበር። አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ግን መለካት ዋጋ የለውም። በመታጠፊያ ላይ ክሩ ከካቢኑ ጋር አብሮ ስለሚያጋድል የሚሰጣችሁ ቁጥር የውሸት ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ብቻ ለኩ።

ቀጥሎ ከፍታ። ፕሮፔለር ያለው ዳሽ 8 ኪው 400 ቢበዛ 7,600 ሜትር ነው የሚወጣው። ለስሌቱ 7,000 ያዝኩ። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ተራራው ላይ ስናልፍ ከመሬት የምንርቀው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሸለቆው ወለል ድልድዩ ጋ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር እንርቃለን። በ50 ዲግሪ ሲሰላ ጮቄ ላይ በየጎኑ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ድልድዩ ላይ በየጎኑ 5 ኪሎ ሜትር ይደበቃል።

ድልድዩ ለምን እንዳልታየኝ ያኔ ገባኝ። ከደጀን ወደ ታች የሚጠማዘዘውን አስፋልት እፈልጋለሁ፣ እፈልጋለሁ፣ የለም። እዚያው ሥሬ ነበር።

የሩቁን ጠርዝ ማበጀት ቀላል ነው። በዚያ ከፍታ አድማሱ በስሌት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አየሩ ግን አይፈቅድም። በጠራ ቀን እንኳ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ነገር ሰማያዊ ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ከክሩ ግራና ቀኝ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያለውን በሃይላይተር ቀባሁ። ግራው ቢጫ፣ ቀኙ አረንጓዴ። ቀለም ውስጥ የወደቀ ይታያል። ውጭ የቀረ እንደ አየሩ ነው።

ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ ቀኝ ላይ የወደቁት ቢቸና፣ ሞጣና ጢስ ዓባይ ናቸው። ሁሉም ከክሩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ። ግራ ላይ ደብረ ማርቆስ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላ። የዓባይ ሸለቆ ራሱ ክሩን ያቋርጥና ሁለቱም ጋ ይገኛል። በግራ ወደ ምዕራብ እየሰፋ ይሄዳል። በቀኝ ወደ ምሥራቅ ይርቅና ከሞጣ ሰሜን ተመልሶ ይቀርባል።

ለእኔ ሚዛኑ ወደ ቀኝ ነው። ምሥራቅ ጎጃምን ቁልቁል እያያችሁ ትመጣላችሁ፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ገደሉ አለ። ደብረ ማርቆስ የተወለደ ሰው ግን በግራ ይቀመጥ። የራስን ከተማ ከላይ ማየትን የሚያህል የለም።

ጥቅምት አጋማሽ፦ መነሻና ማረፊያ

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ካርቶኑን በረንዳ ላይ አየት አድርገው፣ "ልጄ፣ ክርህ ጥሩ ነው። ግን አውሮፕላን እንደ ክር ተነስቶ እንደ ክር ያርፋል እንዴ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መሐሉን ነው የሠራሁት" አልኳቸው።

"ጣናን የምታየው መሐሉ ላይ ነው ታዲያ?"

ልክ ናቸው። ሐይቁ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የሚወስነው ራንዌዩ ነው።

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት አንድ ራንዌይ አለው። ቁጥሩ 04 እና 22 ነው። ቁጥሩ የኮምፓስ አቅጣጫ ነው፣ መጨረሻው ዜሮ ተቆርጦለት። 04 ማለት 40 ዲግሪ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ። 22 ማለት 220 ዲግሪ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ። በየትኛው እንደሚገቡ ነፋሱ ይወስናል፤ አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው።

በ22 ሲያርፍ ከሰሜን ምሥራቅ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ በኩል ይገባል። በቀኝ የተቀመጠ ሰው ጣናንና የዘጌን ልሳነ ምድር ያያል። በግራ ከተማው፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ አሉ። በ04 ሲያርፍ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ሐይቁ ወደ ፊትና ወደ ግራ ይሆናል። በመስኮት የሚታየው መጨረሻ ላይ በግራ በኩል ነው።

መነሻው በጣም ያምራል። በ04 ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ወደ ቀኝ ቢታጠፍ የቀኙ ክንፍ ዝቅ ይላል። በቀኝ ያለ ሰው ሐይቁን፣ ከተማውንና የዓባይን መውጫ ቁልቁል ያገኛል። በ22 ተነስቶ ወደ ግራ ከታጠፈ ደግሞ ይኸው ለግራው ነው። መርሁ አንድ ነው፦ ወደታጠፈበት በኩል ያለ ሰው ምድር ያያል፣ ሌላኛው ሰማይ።

ራንዌዩን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ካርታው ላይ ለብቻው ሳጥን ሰጠሁት። የመሐሉ ምክር በስኪሪብቶ፣ የዳሩ በእርሳስ።

ቦሌም ያው ነው። በ07 ከተነሳ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ ጎጃም ለመዞር ወደ ግራ ይታጠፋል። በ25 ከተነሳ ወደ ቀኝ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ስልኩ የመዘገበው

ክሩ ግምት ነው። እውነተኛውን መንገድ ለማግኘት ስልኬ ላይ የጂፒኤስ መመዝገቢያ አፕ ጫንኩ። ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆኖም ጂፒኤስ ይሠራል፤ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት አይልክም። ኢንተርኔት ስለማይኖር ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ስልኩን መስኮቱ ላይ ካላስጠጋችሁት ሲግናል ይጠፋል። መሐል ወንበር ላይ ምንም አልያዘልኝም።

ሁለት ነገር እንዳትሞክሩ። የስልኩ ኮምፓስ በብረቱና በኤሌክትሪኩ መሐል ይቅበዘበዛል። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው ስልክ ደግሞ ከፍታ ብሎ የሚያሳያችሁ የካቢኑን ነው። ካቢኑ በአየር የተሞላ ስለሆነ 7,000 ሜትር ላይ ሆናችሁ በጣም ያነሰ ቁጥር ታያላችሁ። የጂፒኤሱን ከፍታ ብቻ ያዙ።

መዝገቡን ክሩ ላይ ሳስቀምጠው ዳርና ዳሩ ጎበጥ ይላል፤ መሐሉ ግን ለክሩ ቅርብ ነው። በተለያየ ቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደዚህም ወደዚያም ይላል። ያቺ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሞጣ ምንም አትለውጥም። ለድልድዩና ለጮቄ ግን ሁሉም ነገር ናት። 6 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ያለፈ ቀን ድልድዩ በቀኝ ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ ለሁለቱ ኮከብ አደረግሁላቸውና "እንደ ዕለቱ" ብዬ ጻፍኩ።

ሰዓቱንም ከዚሁ መዝገብ አወጣሁ። ከቦሌ ከተነሳችሁ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ሸለቆው ይመጣል። ከባሕር ዳር ስትነሱ ሩብ ሰዓት ገደማ ላይ ጮቄ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሸለቆው። ይህን የማያውቅ ሰው ሸለቆው ሲያልፍ ብስኩት ሲከፍት ነው የሚገኘው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ፀሐይና ክንፍ

ፀሐይን ሰንካልክ በሚባለው ድረ ገጽ አየሁ። ቀንና ቦታ ስትሰጡት ፀሐይ በየሰዓቱ የት እንዳለች ያሳያል። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ፀሐይ በግራ ነው። በግራ ያለው መስኮት ያንጸባርቃል፣ የቀኙ አገር ግን በደንብ በርቶ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚሄድ ሰው ያለ ጥርጥር በግራ ይቀመጥ፤ ጢስ ዓባይ፣ ሞጣና ቢቸናም እዚያ ናቸው፣ ብርሃኑም ከጀርባው ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚመጣም ከሰዓት በኋላ በቀኝ።

ጠዋት ላይ ነው ጭንቁ። ጥሩው ነገር ያለበት ወገን ፀሐይም ያለበት ነው። እኔ 1 ሰዓት ላይ ሲሆን ብርሃኑን እመርጣለሁ። በዚያ ሰዓት ሸለቆው በጉም ሊሞላም ይችላል። 4 ሰዓት ካለፈ ግን ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል ጥሩውን ነገር ተከትሎ መቀመጥ ነው።

አውሮፕላኑም ይለያያል። ኪው 400 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው። ቁልቁል ለማየት እሱን የሚያክል የለም። ከፊት ጥቂት ረድፍ አለፍ ብሎ ግን ፕሮፔለሩና ሞተሩ አሉ፤ ሲያርፍ ጎማው የሚወርደውም ከሞተሩ ሥር ነው። ከኋላ ያሉትን ረድፎች ያዙ። ቦይንግ 737 ሲሆን ክንፉ ከመስኮቱ በታች ነው፣ መሐል የተቀመጠ ሰው ክንፍ ብቻ ያያል። ከክንፉ ፊት ለፊት ካገኛችሁ እሰየው። ከክንፉ ጀርባ ቁልቁል ይታያል፤ ግን የሞተሩ ትኩስ አየር ፎቶውን ያርገበግበዋል።

አንድ ማሳሰቢያ በትልቁ ጻፍኩ፦ ግራና ቀኝ የሚባለው ፊታችሁን ወደ አብራሪው አድርጋችሁ ነው። ኤ የሚለው ፊደል ሁልጊዜ የግራ መስኮት ነው።

ኅዳር አጋማሽ፦ የጎንደሩ ክር

ሁለተኛ ክር ከቦሌ ወደ ጎንደር ወጠርኩ። ለመሙያ ያህል ነበር ያሰብኩት። ከሁሉም የበለጠው እሱ ሆነ።

ይህ ክር ከመጀመሪያው ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ይላል። ጮቄ ከሆድ ሥር ወጥቶ በግራ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁጭ አለ። ሞጣ በግራ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጢስ ዓባይ በግራ። ከዚያ ጣና፣ ምሥራቃዊ ዳርቻው ክሩን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ሙሉ በሙሉ በግራ። ባሕር ዳር ራሷ በቢጫው ቀለም ጠርዝ ላይ። በቀኝ ያለው ትልቅ ነገር ጉና ነው፣ እሱም 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ።

ስለዚህ ጎጃምን በደንብ የሚያየው ወደ ጎጃም የሚሄደው ሳይሆን ወደ ጎንደር የሚሄደው ነው። በግራ ይቀመጥ። ሲመለስ በቀኝ። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት "እና የባሕር ዳር ሰው በጎንደር ዞሮ ይብረር?" አለችኝ። አይብረር። ጎንደር ጉዳይ ያለው ግን ጠዋት በግራ ይያዝ፤ ፀሐይ በቀኝ ስለሆነች ጮቄም ጣናም በርተው ይጠብቁታል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ምን እንደሚፈለግ መጻፍ

ወገኑን መንገር ብቻ አይበቃም። ሰው ምን እንደሚያይ ካላወቀ ዓይኑ ሜዳው ላይ ይንሸራተታል። ካርታው ሥር አጭር ማብራሪያ ጨመርኩ።

ለማግኘት የሚቀለው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የታረሰ መሬት መሐል ድንገት ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ። ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። መሐሉ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ የሚል ቆርቆሮ አለ፤ ጉልላቱ ያለበት ጣሪያ ነው። ዙሪያው ያለው ደን ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ ነው፤ አገሩ ሁሉ ደን በነበረበት ጊዜ የነበረው ዛፍ ተጠብቆ የቀረው እዚያ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ክብ አይሆንም። በመስመር የተተከለ፣ ጥግ ጥጉን የሚይዝ፣ ሰማያዊ የሚነካው አረንጓዴ ነው። ሁለቱን አንዴ ከለያችሁ ሌላ ነገር ማየት ያቅታችኋል።

ጢስ ዓባይን በሚመለከት ሰው ተስፋው እንዲመጠን ፈልጌያለሁ። ፏፏቴው 40 ሜትር ከፍ የሚል ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ነጭ ክር ቢሆን ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም ውኃው ሲሞላ ይታያል። በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ ስለሚሄድ ፏፏቴውን ሳይሆን የወንዙን አረንጓዴ መስመር ፈልጉ።

ወቅቱንም አስገባሁ። ክረምት ደመና ነው፤ ወገን መምረጥ ብዙም አይጠቅምም። መስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ወርቁ ጊዜ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ የኑጉ አበባ ማሳውን ቢጫ አድርጎታል፣ ኅዳር ላይ ጤፉ እየነጣ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ አቧራና ጭስ አለ። ያኔ የ4 ሴንቲ ሜትሩን ቀለም በግማሽ ቁረጡት።

ፎቶ ለሚያነሳ ሁለት መስመር ብቻ። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ መሸፈን። ነጠላ ከሆነ ነጩ መልሶ ያንጸባርቃል። ፖላራይዝድ መነጽር ወይም ፊልተር ይውለቅ፤ በመስኮቱ ፕላስቲክ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፦ ሕትመትና ላሚኔት

የመጨረሻውን በኮምፒውተር አቀናብሬ እንደገና በኤ3 አሳተምኩ፣ 80 ብር። ላሚኔት 100 ብር። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ፊደሉ እንደሚያንስ አየን። ቆመው የሚያነቡት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ማብራሪያውን ቀንሼ፣ ግራ ቀኙን በትልቁ አድርጌ እንደገና ይታተማል። ደብል ወጪ ነው፣ ግን ያለዚያ ጥቅም የለውም።

አንዲት እናት ለልጃቸው ምርቃት ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ትኬት ሲቆርጡ ካርታው ፊት ቆሙ። የሞጣ ሰው ናቸው። "አገሬ የት ጋ ነው?" አሉ። አሳየኋቸው። የከሰዓት በረራ ነበር። "እማዬ፣ በግራ ይቀመጡ፣ ኤ የሚለውን" አልኳቸው። የአክስቴ ልጅ እዚያው ቼክኢን ሠርታ ከኋላ ያለውን ኤ ያዘችላቸው።

አሁን የቀረው የትንሿ ካርድ ሥራ ነው። ኪስ የምትገባ፣ በአንድ ወገን የባሕር ዳር፣ በሌላው የጎንደር በረራ ያለባት። በጥቁርና ነጭ ካተምኩ በአንድ ኤ4 ላይ ስምንት ይወጣል። ቢጫና አረንጓዴው ስለማይለይ ግራውን በሰረዝ፣ ቀኙን በነጠብጣብ መተካት አለብኝ። ሦስተኛ ክር ደግሞ ወደ አክሱም ወጥሬያለሁ፤ ሰሜን ተራሮች በግራ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ወድቀዋል፣ የቀረው ሰዓቱን ማውጣት ነው።